ቫኪዩሙ ተቃጠለ ከማለታችሁ በፊት፦ የቫኪዩምና የምንጣፍ ማጠቢያ ማሽን ብልሽት አፈላለግና ጥገና

«መሳብ አቁሟል፤ ሞተሩ ሳይቃጠል አይቀርም» ተብሎ ከሚመጣው ቫኪዩም አብዛኛው ሞተሩ ምንም አልሆነም። አየሩ የሚሄድበት መንገድ አንድ ቦታ ላይ ተደፍኗል፣ ወይም አንድ ቦታ ላይ ተሰንጥቆ ከውጭ አየር ያስገባል። ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሳት በፊት የሚቀድመው ሥራ አየሩን ከወለሉ እስከ መውጫው ድረስ መከተል ነው። የምንጣፍ ማጠቢያ ማሽን ላይም ነገሩ ያው ነው፤ እዚያ ግን መንገዱ ሁለት ነው፦ ንጹሕ ውሃ ወደ ምንጣፉ የሚወርድበትና ቆሻሻ ውሃ ተስቦ የሚወጣበት። የትኛው እንደተበላሸ ሳይለይ ማሽን የሚፈታ ሰው ደህና የነበረ የፕላስቲክ መያዣ ሰብሮ አዲስ ብልሽት ይጨምራል።

ሥራ ስትጀምሩ ስፒናው ከሶኬት ወጥቶ በዓይናችሁ ፊት ይቀመጥ። ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት አይበቃም፤ ብሩሹን ስታጸዱ በስህተት ቢበራ ጣት ይይዛል። ባለባትሪ ከሆነ መጀመሪያ ባትሪው ይውጣ። ምንጣፍ ማጠቢያ ከሆነ ሁለቱንም ታንከር አውርዳችሁ ውሃውን ካፈሰሳችሁ በኋላ ብቻ አጋድሙት፤ ታንከሩ እንዳለ የተጋደመ ማሽን ቆሻሻ ውሃውን ወደ ሞተሩ ይልካል።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። አንገቱ ረጅም የሆነ ባለመስቀል ካቻቢቴ (ብሎኖቹ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ስለሚገቡ አጭሩ አይደርስም)፣ ቲ15 እና ቲ20 ባለኮከብ ካቻቢቴ፣ አፈ ቀጭን ፒንሳ፣ የስፌት መተርተሪያ ወይም ሹል መቀስ፣ የእጅ ባትሪና አንድ ተራ መልቲሜትር። በየደረጃው በስልክ ፎቶ አንሡ። የብሎኖቹ ርዝመት ይለያያል፤ አጭሩ ቦታ ረጅሙን ካስገባችሁት ፕላስቲኩን በስቶ ይወጣል።

አየሩን ተከተሉ

ዘንጉን (ከእጀታው ወደ ወለሉ የሚወርደውን ቀጥ ያለ ቧንቧ) አውልቃችሁ ሌላውን ሁሉ ገጣጥማችሁ አብሩትና የቱቦውን ጫፍ በመዳፋችሁ ድፈኑ። ድምፁ ቀጥኖ ከጮኸና መዳፋችሁን አጥብቆ ከያዘ፣ ከቱቦው ጫፍ እስከ ሞተሩ ያለው መንገድ ደህና ነው፤ ችግሩ ከቱቦው በፊት፣ ማለትም ዘንጉ ወይም ወለል የሚነካው ራስ ላይ ነው። ስትደፍኑት ድምፁ ምንም ካልተለወጠና ስበቱም ደካማ ከሆነ የሆነ ቦታ ላይ አየር እያስገባ ነው ወይም ከመጀመሪያውም ተደፍኗል። እነዚህን ሁለቱን የሚለየው ድምፁ ነው። ሳትደፍኑትም ገና ከመጀመሪያው ቀጥኖ የሚጮኽ ማሽን የተደፈነ ነው። ሲደፈን ሞተሩ የሚያንቀሳቅሰው አየር ስለሚያንስ ሸክሙ ይቀልለትና ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ብዙ ሰው ግን ይህን ጩኸት ሰምቶ «ሞተሩ እየታገለ ነው» ይላል።

ቀጥሎ ክፍል በክፍል ለዩ። ቱቦውን ከማሽኑ ነቅላችሁ መግቢያው ላይ መዳፍ አድርጉ። እዚያ ጠንካራ ሆኖ ቱቦው ጫፍ ላይ ደካማ ከሆነ ጥፋቱ ቱቦው ነው። ቱቦው ጫፍ ላይም ጠንካራ ከሆነ ዘንጉን ግጠሙና ድገሙት፣ ከዚያ ራሱን። ስበቱ ድንገት የሚወርድበት መገጣጠሚያ ላይ ጥፋተኛው ተያዘ። ይህን በቁጥር ማየት የሚፈልግ ሰው የቫኪዩም ጌጅ ይግዛ፦ መንገዱን ሙሉ በሙሉ ደፍኖ የሚለካ ሲሆን፣ ጤናማ የቤት ቫኪዩም በአብዛኛው ከ15 እስከ 25 ኪሎፓስካል ያሳያል። 20 ኪሎፓስካል ማለት 2 ሜትር ያህል የውሃ ዓምድ የሚያነሳ ስበት ነው። ጥገና ለዕለት ሥራው ያላደረገ ሰው ግን መዳፉ ይበቃዋል።

እጀታው ላይ ያለችውን ትንሽ ተንሸራታች የአየር መስኮትም እዩ። መጋረጃ ለማጽዳት ተከፍታ ሳትዘጋ የቀረች መስኮት ብዙ ማሽን ያለበደሉ አስፈትታለች።

ቱቦና ዘንግ

ቆሻሻ የሚሰነቀረው ቀጥ ያለ ቦታ ላይ ሳይሆን ማጠፊያ ላይ ነው፦ ራሱ ከዘንጉ በሚገናኝበት ክርን፣ ዘንጉ ከእጀታው በሚገጥምበት፣ ቱቦው ማሽኑ ውስጥ በሚገባበት። አንድ ጥርስ መጎርጎሪያ ወይም የወረቀት ቁራጭ አግድሞ ይቆምና ፀጉርና አቧራ ይከምርበታል። ቱቦውን ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ አንድ ብይ ጣሉበት፤ በሌላው ጫፍ ካልወጣ የቆመበትን ቦታ በእጃችሁ እየጨበጣችሁ ታገኙታላችሁ። የተደፈነውን ከገባበት አቅጣጫ በተቃራኒ ግፉት። የመጥረጊያ እንጨት ድፍን ጫፍ ይሠራል። ሽቦ አታስገቡ፤ ቱቦው ውስጥ ያለውን ስስ ፕላስቲክ ይበሳና የመደፈኑን ችግር በሌላ ትተኩታላችሁ። ሳይለቅ ካስቸገረ ቱቦውን ገልብጣችሁ የእጀታውን በኩል ማሽኑ መግቢያ ላይ ደግፋችሁ አብሩት፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ይስበዋል።

ስንጥቅ ደግሞ የሚወጣው ቱቦው በብዛት ከሚታጠፍበት፣ ከሁለቱ ጫፎች ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ባለው ክፍል ነው። ማሽኑ በርቶ ጫፉን ደፍናችሁ ያንን ክፍል ወዲያና ወዲህ አጥፉት፤ ፉጨቱ ይሰማል። ናስትሮ መጠቅለል ለጥቂት ቀን ነው። ዘላቂው መፍትሔ የተሰነጠቀውን ጫፍ ቆርጦ መጣልና መያዣውን እንደገና መግጠም ነው፤ መያዣው ብዙ ጊዜ በቱቦው ጥምዝ ላይ እንደ ብሎን ይጠመዘዛል፣ አንዳንዱም በግራ ይጠብቃል። ወደ ራሱ ኤሌክትሪክ የሚያደርስ ሽቦ ያለበት ቱቦ ግን በዚህ መልክ አይቆረጥም፤ እሱ ሙሉው ይቀየራል።

ከረጢትና ፊልተር

ባለከረጢት ማሽን ከረጢቱ ሁለት ሦስተኛ ሲሞላ ይቀየር። «ገና አልሞላም» የሚለው ነገር ያታልላል፦ የጂፕሰም ብናኝ፣ የሲሚንቶ አቧራ፣ ምንጣፍ ላይ የሚነሰነስ የሽታ ማጥፊያ ዱቄት የከረጢቱን ቀዳዳ ከውስጥ ስለሚደፍን ግማሽ እንኳ ሳይሞላ መተንፈስ ያቆማል። የግንባታ አቧራ በቤት ቫኪዩም መሳብ እኔ በጭራሽ አልመክርም። ትኩስ አመድ ደግሞ እሳት ነው።

ከረጢት የሌለው ማሽን ላይ የቆሻሻ ማጠራቀሚያውን ባዶ ማድረግ ግማሹ ሥራ ብቻ ነው። መሐሉ ላይ ያለው ወንፊት በፀጉርና በጭረት ተሸፍኖ እንደሆነ እዩ፤ ከዚያ ሞተሩ ፊት ያለውን ፊልተር አውጡ። ጥፋተኛው ፊልተሩ መሆኑን ለማወቅ ፈጣኑ መንገድ ያለፊልተሩ ለ10 ሰኮንድ ያህል ብቻ፣ ንጹሕ አየር እየሳበ፣ ማብራት ነው። ስበቱ ከተመለሰ መልሱ ተገኘ። ከዚያ በላይ አታቆዩት፤ አቧራው ሞተሩ ውስጥ ይገባል።

ስፖንጅና ጨርቅ ፊልተር በቀዝቃዛ ውሃ እየጨመቃችሁ ውሃው እስኪጠራ እጠቡ። መመሪያው ካላለ ሳሙና አትጨምሩ፤ አረፋው ተጣብቆ ቀርቶ አቧራ ይይዛል። ጥላ ያለበት አየር የሚነፍስበት ቦታ ላይ ቢያንስ 24 ሰዓት ይድረቅ፣ ወፍራም ስፖንጅ በእርጥብ ወቅት 48 ሰዓት ይፈልጋል። በፀጉር ማድረቂያ የደረቀ ስፖንጅ ይጨማደድና ዳር ዳሩን ክፍተት ይተዋል። እርጥብ ሆኖ የተመለሰ ፊልተር ደግሞ አቧራውን ጭቃ ያደርገዋል፣ ይሸታል፣ እርጥበቱንም ወደ ሞተሩ ይሰዳል። ሁለት ፊልተር ገዝቶ እያፈራረቁ መጠቀም ይህን ሁሉ ጣጣ ያስቀራል። እጥፍጥፍ ወረቀት የሚመስለው ሄፓ ፊልተር (0.3 ማይክሮሜትር ከሆነው ብናኝ 99.97 በመቶውን የሚይዘው) ላዩ ላይ «የሚታጠብ» ተብሎ ካልተጻፈበት አይታጠብም፣ ይቀየራል።

ፊልተሩን ከመመለሳችሁ በፊት የተቀመጠበትን ቦታ በእጅ ባትሪ እዩ። ከጎሚኒው (ፊልተሩን ዙሪያውን ከሚያሽገው ጎማ) ወዲያ፣ በሞተሩ በኩል፣ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ግራጫ የአቧራ መስመር ካለ አየሩ ፊልተሩን እየዞረ ያልፋል ማለት ነው። መስመሩ የሚጀምርበት ነጥብ ጎሚኒው የተቀደደበት ወይም የተጣመመበት ነው። እርጥብ ጨርቅ አሳልፉበት፣ ጎሚኒውን አስተካክሉ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ከፍታችሁ መስመሩ ተመልሶ እንደሆነ አረጋግጡ።

15 ደቂቃ ሠርቶ ቀጥ የሚል፣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አርፎ እንደገና የሚነሳ ማሽን የኤሌክትሪክ ብልሽት ያለበት ይመስላል። ብዙውን ጊዜ አይደለም። የቤት ቫኪዩም ሞተር የሚቀዘቅዘው ራሱ በሚስበው አየር ነው፤ አየሩ ሲደፈን ይግላል፣ የሙቀት መከላከያውም ያጠፋዋል። መንገዱን ሳትከፍቱ ደጋግማችሁ ካስነሳችሁት የሞተሩ ሽቦ ጥቅልል ቫርኒሽ (ሽቦዎቹ እንዳይነካኩ የሚለየው ሽፋን) ይቃጠላል፤ ያኔ በእርግጥ ሞተር ይበላሻል።

ብሩሹና ቺንጋው

የሚሽከረከረውን ብሩሽ ስታጸዱ መሐሉን ብቻ ካጸዳችሁ አልጨረሳችሁም። ብሩሹ ርዝመት ላይ ባለው ቦይ መተርተሪያውን እየሳባችሁ ፀጉሩን ቁረጡ፣ ከዚያ ብሩሹን አውጥታችሁ የሁለቱን ጫፎች ክዳን ንቀሉ። ዋናው ጠላት እዚያ ነው ያለው፦ ፀጉር እየቀጠነ ከክዳኑ ሥር ገብቶ ኩሽኔታው ላይ እንደ ቀለበት ይጠብቃል፣ ይፈትጋል፣ ይግላል፤ ክዳኑ ላይ የቀለጠ፣ የጠቆረ ፕላስቲክ ካያችሁ ምክንያቱ ይህ ነው። ጫፎቹን በጣት ይዛችሁ ብሩሹን ስታዞሩት ሳይንኮራኮር ሁለት ሦስት ዙር በራሱ መሄድ አለበት። ካልሄደ ኩሽኔታው ወይም ሙሉ ብሩሹ ይቀየር፤ ዘይት ማንጠባጠብ አቧራ ከመሰብሰብ በቀር አይፈይድም።

ቺንጋ ሁለት ዓይነት ነው። ጠፍጣፋው የጎማ ቺንጋ እየተለጠጠ ይሄዳል፤ ሳይበጠስም ሥራ ያቆማል። ብሩሹ በአየር ላይ ይዞርና ምንጣፍ ሲነካ ይቆማል፤ የውስጥ ገጹ መስተዋት መስሎ ያብለጨልጫል። ቤት ውስጥ በየሳምንቱ ለሚሠራ ማሽን በየ6 ወሩ እስከ ዓመት መቀየር ተገቢ ነው። ባለጥርሱ አይለጠጥም፤ ሲያረጅ ጥርሱ ይላጥና ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ያሰማል። ስትገዙ ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ፤ «ይመስላል» ተብሎ የተገዛ ቺንጋ ጥቂት ቢያጥር እንኳ ኩሽኔታውን ሊጨርስ ይችላል።

ስትገጥሙ መጀመሪያ የሞተሩ ዘንግ ላይ አጥልቁ፣ ቀጥሎ ብሩሹ ላይ ባለው ቦይ፣ ከዚያ ብሩሹን ስባችሁ ማረፊያው ውስጥ አስገቡ። ከመክደናችሁ በፊት በእጅ አምስት ስድስት ዙር አዙሩት፤ ቺንጋው ወደ አንድ ወገን ከተንሸራተተ ጠማማ ገብቷል። በየጥቂት ሳምንቱ የሚበጥስ ማሽን ላይ ጥፋቱ ቺንጋው አይደለም፦ ወይ የብሩሹ ኩሽኔታ አልዞር ብሏል፣ ወይ ወለል የሚነካው ራስ ከፍታ ለወፍራም ምንጣፍ በጣም ዝቅ ብሏል፣ ወይ ካለፈው ቺንጋ የቀለጠ ጎማ የሞተሩ ዘንግ ላይ ተጋግሮ ቀርቷል። የተጋገረውን ጎማ ሳትፍቁ አዲስ አትግጠሙ።

ብሩሹ የራሱ ትንሽ ሞተር ካለው ራሱ ላይ መልሶ ማስነሻ አዝራር ፈልጉ፤ ካልሲ ወይም የምንጣፍ ዘርፍ ሲይዘው ይዘላል። አዝራሩ ካልፈታው በዘንጉ መገጣጠሚያዎች ላይ ያሉትን የብረት ጫፎች በአልኮል አጽዱና ከእጀታ እስከ ራስ ሽቦው መቀጠሉን በመልቲሜትር ለኩ። በአየር ኃይል የሚዞር ብሩሽ ከሆነ ግን ስበቱ ደካማ ሲሆን እሱም ይቆማል። እሱን አትፍቱት፣ ወደ አየሩ ተመለሱ።

ጭራሽ አልነሳ ሲል

ሶኬቱን በሌላ ዕቃ ሞክሩ፣ ስፒናው ውስጥ ፊውዝ ካለ እዩ። ቀጥሎ ስፒናው ተነቅሎ፣ ማብሪያው በርቶ፣ መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ በስፒናው ሁለት እግሮች መካከል ለኩ። ቀጥታ የሚሠራ ማሽን ከጥቂት ኦም እስከ ጥቂት አሥሮች ያሳያል። ምንም ካላሳየ የሆነ ቦታ ተቋርጧል። ፍጥነት መቆጣጠሪያ ቦርድ ያለበት ማሽን በዚህ መንገድ ላያሳይ ስለሚችል ክፍል በክፍል መለካት ያስፈልጋል። እየለካችሁ ገመዱን ከስፒናው አጠገብና ማሽኑ ውስጥ በሚገባበት ቦታ አጥፉ፤ ቁጥሩ ብቅ ጥልቅ ካለ ገመዱ ውስጡ ተበጥሷል። የተበላሸውን ቆርጣችሁ አሳጥራችሁ እንደገና ማሰር ይቻላል፣ ገመዱን የሚይዘው መቆንጠጫ ግን በቦታው መመለስ አለበት። መሐል ላይ የተቀጠለና በናስትሮ የተጠቀለለ ገመድ የሚጎተት ዕቃ ላይ አይፈቀድም። ገመድ መጠቅለያው ውስጥ ያለውን ጥምዝ ስፕሪንግ አትክፈቱ፤ ሲፈናጠር ፊት ይቆርጣል።

ገመድ፣ ማብሪያና የሙቀት መከላከያው ደህና ከሆኑ ካርቦኑ (ለሚዞረው የሞተር ክፍል እየተሻሸ ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው ቁራጭ) ይቀራል። ጥቂት ሰማያዊ ብልጭታ ያለ ነው፤ ዙሪያውን የእሳት ቀለበት የሚሠራ ብልጭታ ግን ካርቦኑ አልቋል ወይም የሚሻሸበት መዳብ ተበላሽቷል ይላችኋል። ርዝመቱ ከ5 እስከ 6 ሚሊሜትር ከደረሰ ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይሩ። መዳቡ ከጠቆረ በጣም ልም በሆነ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ አብሱ፣ በመዳቦቹ መካከል ያለውን ስንጥቅ በጥርስ መጎርጎሪያ አጽዱ። ለብረት የሚሆነው ጥቁር የአሸዋ ወረቀት ፍርፋሪው ኤሌክትሪክ ሊያስተላልፍ ስለሚችል እዚህ አይገባም። አዲሱ ካርቦን የመዳቡን ክብ ቅርጽ እስኪይዝ ማሽኑን በዝቅተኛ ፍጥነት ያለ ሸክም ከ10 እስከ 20 ደቂቃ አስኪዱት።

ብረት በብረት የሚፋቅ ዓይነት ጩኸት የሞተሩ ኩሽኔታ ነው። ብዙ ጊዜ 608 የሚባለው ነው (ውስጡ 8፣ ውጭው 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር)፣ ሆኖም ዳሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። መንቀያ ለሌለው ሰው ይህ ሥራ አይመከርም፤ ማራገቢያው ከተጣመመ ሞተሩ በደቂቃ በአሥር ሺዎች ሲዞር ሚዛኑን ስቶ ይንቀጠቀጣል። ሙሉ ሞተር መቀየር የተሻለ ነው፦ ቮልቱ፣ ዋቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ ይግጠም። ለምንጣፍ ማጠቢያ ደግሞ የእርጥብ ሞተር መሆኑን አረጋግጡ፤ በዚያ ውስጥ የሚሳበው አየር ጥቅልሉን አይነካም፣ ማቀዝቀዣው ለብቻው ነው። ደረቁን ሞተር እዚያ መግጠም አደጋ ነው።

ባለባትሪው ቫኪዩም በየሰኮንዱ እየበራ እየጠፋ ሲንተከተክ ባትሪ ለመግዛት አትሩጡ። አብዛኛውን ጊዜ መዘጋትን የሚለየው ቦርድ ነው የሚያጠፋው፤ ፊልተሩንና ራሱን አውልቃችሁ ሞክሩት። የሊቲየም ባትሪውን ጥቅል ቤት ውስጥ አትክፈቱ፣ ያበጠውንም አትሙሉ።

የምንጣፍ ማጠቢያ ማሽን፦ ውሃ አይረጭም

የመርጫውን ማስፈንጠሪያ ጫኑና አድምጡ። ፓምፑ ምንም ድምፅ ከሌለው ጥያቄው የኤሌክትሪክ ነው፦ ከማስፈንጠሪያው ሥር ያለው ትንሽ ማብሪያ ወይም ፓምፑ ራሱ። እያጉረመረመ ውሃ ካልወጣ ግን ፓምፑ ሕያው ነው፣ ውሃ አልደረሰውም ወይም መውጫ አጥቷል። አንዳንድ ማሽን ላይ ደግሞ ፓምፑን የሚያዞረው የብሩሹ ቺንጋ ነው፤ ብሩሹና ውሃው አብረው ከቆሙ ፓምፑን ሳትነኩ ቺንጋውን እዩ።

ከላይ ጀምሩ። የንጹሕ ውሃ ታንከሩ ሥር በስፕሪንግ የሚዘጋ ቫልቭ አለ፤ ታንከሩ ሲቀመጥ ማሽኑ ላይ ያለው ጉጥ ገፍቶ ይከፍተዋል። ሞልታችሁ በጣት ግፉት፤ ውሃው ሳይንጠባጠብ በደንብ መፍሰስ አለበት። የቆየ ሳሙና ያጣብቀዋል፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ማቆየት ይፈታዋል። አጠገቡ ያለችውን ትንሽ ወንፊት እጠቡ። የታንከሩ ክዳን ላይ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ አለ፤ እሱ ከተደፈነ መርጨቱ በደንብ ይጀምርና ከደቂቃ በኋላ ይሞታል። ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ስትሞክሩ ከተስተካከለ ያ ነው።

ታንከሩ ደህና ከሆነ ፓምፑ ውስጥ አየር ታስሯል። ይህ በተለይ ማሽኑ ለወራት ሳይሠራ ከቆየ ወይም ታንከሩ ባዶ ሆኖ ማስፈንጠሪያው ከተጫነ ያጋጥማል። የእጅ መርጫ ቱቦ (በእጅ የሚያዝ፣ የሚረጭም የሚስብም ራስ ያለው ቱቦ) ያለው ማሽን ከሆነ ታንከሩን እስከ አፉ ሙሉት፣ የእጅ መርጫውን ከማሽኑ ዝቅ አድርጋችሁ ወለል አጠገብ ያዙት፣ ማስፈንጠሪያውን ጫን ለቀቅ እያደረጋችሁ እስከ አንድ ደቂቃ ቆዩ። መጀመሪያ ትንፋሽ፣ ቀጥሎ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ውሃ፣ በመጨረሻ ቀጥ ያለ መርጨት ይመጣል። እምቢ ካለ ማሽኑን ነቅላችሁ፣ ታንከሩን አውርዳችሁ፣ መርፌ የሌለውና ውሃ የሞላ ትልቅ ስሪንጅ ታንከሩ በሚቀመጥበት ጉጥ ቀዳዳ ላይ አጥብቃችሁ 20 ሚሊ ሊትር ያህል ግፉበት። ከዚያ ታንከሩን መልሳችሁ አብሩት። ደረቅ ፓምፕ ከአንድ ደቂቃ በላይ አታስኪዱ፤ የሚቀባውም የሚያቀዘቅዘውም የሚያልፍበት ውሃ ነው።

ውሃው በአንድ ወገን ብቻ ከረጨ ወይም እንደ ክር ከወጣ የመርጫው አፍ ነው። አውልቁትና እኩል በእኩል በሆነ የነጭ አቼቶና የሞቀ ውሃ ውህድ ውስጥ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉት፣ በጥርስ ብሩሽ ፈትጉት፣ ከበስተጀርባው ውሃ ሰዱበት። መርፌ አትክተቱበት። ቀዳዳው ትንሽ ሲሰፋ ማራገቢያ የነበረው መርጫ ወደ ፈሳሽ ቧንቧ ይለወጣል፣ ምንጣፉም አንድ መስመር ላይ ብቻ ይጨቀያል።

ውሃ አይስብም

እዚህ ላይ ጥፋተኛው በአብዛኛው አረፋ ነው። የቆሻሻ ውሃ ታንከር ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ውሃው ሲሞላ ወደ ላይ ወጥቶ የአየሩን መንገድ ይዘጋል፤ ሞተሩ ውሃ እንዳይጠጣ ነው። አረፋም ያነሳዋል። ታንከሩ ሩብ ብቻ ሞልቶ ድምፁ ድንገት ቀጥኖ ስበቱ ከጠፋ አጥፉት፣ ተንሳፋፊው እስኪወርድ ጠብቁ፣ ታንከሩን አፍስሳችሁ እጠቡ። የዕቃ ማጠቢያና የልብስ ዱቄት ሳሙና እዚህ ማሽን ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። ምንጣፉ ከዚህ በፊት በብዙ ሳሙና ታጥቦ ከሆነ እናንተ ሳሙና ሳትጨምሩም ያረፋል፤ ያኔ ታንከሩ ውስጥ አረፋ ማጥፊያ መጨመርና በንጹሕ ውሃ ብቻ መሥራት ነው።

ተንሳፋፊው ነጻ ሆኖ ስበቱ ከደከመ የታንከሩን ክዳን ጎሚኒ እዩ፤ አንድ ክር ፀጉር ከሥሩ ቢገባ እንኳ አየር ያስገባል። ከዚያ የወለሉን መሳቢያ አፍ። ብዙ ማሽን ላይ ግልጽ ፕላስቲክ ነው፣ በአንድ ወይም በሁለት ብሎን ወይም በመቆንጠጫ ይፈታል፤ ውስጡ ረጥቦ የተጋገረ የምንጣፍ ጭረት እንደ ጨርቅ ተላጥቶ ይወጣል። ስትመልሱ ዳሩ ላይ ያለው ጎሚኒ ሳይታጠፍ መቀመጡን አረጋግጡ። ከወለልና ከእጅ መርጫ የሚያፈራርቅ ማንሻ ካለው ደግሞ መሐል ላይ ቆሞ እንዳይሆን፤ ሁለቱም እኩል ይደክማሉ።

ለማረጋገጥ የእጅ መርጫውን አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ የያዘ ባልዲ ውስጥ ክተቱ። ጤናማ ማሽን በጥቂት ሰኮንድ ይጨርሰዋል። ባልዲውን ጨርሶ ምንጣፉን ግን እርጥብ ከተወ ማሽኑ ሳይሆን አሠራሩ ነው፦ አንድ ጊዜ እየረጫችሁ ከሄዳችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳትረጩ እየሳባችሁ፣ በዝግታ፣ መልሱ። በደንብ የተሳበ ምንጣፍ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይደርቃል፤ 24 ሰዓት ካለፈው መሽተት ይጀምራል።

ከሞተሩ መውጫ ውሃ ወይም አረፋ ከተረጨ ወዲያው ከሶኬት ንቀሉት። ተንሳፋፊው አልሠራም፣ ወይም ታንከሩ ሞልቶ እያለ ማሽኑ ተጋድሟል። ታንከሮቹን አውጥታችሁ ቢያንስ ለሁለት ቀን አቁማችሁ አድርቁት፣ ከዚያም የተንሳፋፊውን ምክንያት ሳታገኙ አታብሩት።

ከሥሩ የሚንጠባጠብ ውሃ ከየት እንደመጣ ለመለየት ማሽኑን ደረቅ ጋዜጣ ላይ አቁሙት። ንጹሕ ውሃ ከሆነና ቆሞ ሳለም ከፈሰሰ የታንከሩ ቫልቭ ቀለበት ጎሚኒ ነው። ስትረጩ ብቻ ከፈሰሰ ከፓምፑ በኋላ ያለ ቱቦ ከመያዣው ወጥቷል ወይም ተሰንጥቋል። ቆሻሻ ውሃ ከሆነ ከታንከሩ መገጣጠሚያ ወይም ከመሳቢያው መስመር ነው። የተሰነጠቀ ታንከር ሙጫ ብዙ አይቆይበትም፤ መቀየሩ ይሻላል።

የፈላ ውሃ አትጨምሩ። አብዛኞቹ ማሽኖች ከቧንቧ የሚወጣ ሙቅ ውሃ ይበቃቸዋል፣ ከ60 ዲግሪ በላይ ታንከሩን ያጣምማል፣ ጎሚኒዎቹንም ያለሰልሳል። ከሥራ በኋላ ንጹሕ ውሃ ሞልታችሁ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ርጩ፤ ሳሙናው ቫልቭና መርጫ ውስጥ ሳይደርቅ ይወጣል። ከዚያ ታንከሩን አውርዳችሁ ፓምፑ ውስጥ የቀረው ውሃ እስኪያልቅ ለጥቂት ሰኮንድ ብቻ ጫኑ፣ በተለይ ማሽኑ ውሃ በሚበርድበት ስፍራ የሚቀመጥ ከሆነ፤ በረዶ የሆነ ውሃ የፓምፑን ገላ ይሰነጥቃል። ብሩሾቹን ፈትታችሁ እጠቡ፣ ሁለቱን ታንከሮች ክዳናቸውን ሳትገጥሙ ለየብቻ አድርቁ፣ ከደረቁ በኋላም ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ አስቀምጧቸው።